የትራክተር ጥርሱ አይታይም! ያገለገለ ትንሽ ትራክተር ስንት ያወጣል?

በሬ የሚገዛ ገበሬ ገበያ መሃል ቸኩሎ አይከፍልም። መጀመሪያ አፉን ከፍቶ ጥርሱን ያያል፤ ዕድሜው እዚያ ላይ ነውና። ቀጥሎ ጫንቃውን ይዳብሳል፣ ሰኮናውን ይመለከታል፣ ወዲያ ወዲህ ያስኬደዋል። ሻጩ የፈለገውን ያህል ቢምልና ቢገዘት፣ ገዢው የሚያምነው ዓይኑንና እጁን ነው።

ያገለገለ ትራክተር ግን ጥርስ የለውም። ታጥቦ፣ አዲስ ቀለም ተቀብቶ፣ ጎማው ጠቁሮ ቴሌግራም ላይ ሲወጣ የ5 ዓመቱም የ20 ዓመቱም አንድ ይመስላል። ሥሩ ደግሞ ሁልጊዜ ያው ነው፦ «በጣም ንጹህ፣ ተነካክቶ የማያውቅ፣ ዋጋ በድርድር፣ ፈላጊ በውስጥ መስመር»።

ይህን ማስታወቂያ ከሚያዩት ብዙዎቹ ወጣቶች ናቸው። አንዳንዶቹ አራት አምስት ሆነው ተደራጅተው ቁጠባቸውን ያዋጡ፣ አንዳንዶቹ ወንድም ወይም እህት ከአረብ አገር የላኩትን ገንዘብ የያዙ፣ ሌሎቹ ብድር የተፈቀደላቸው ናቸው። ሐሳባቸው ደህና ነው። የራሳቸውን ማሳ ያርሳሉ፣ ለጎረቤት በሄክታር እያስከፈሉ ያርሳሉ፣ እርሻ ሲያልቅ ተሳቢ ቀጥለው እህል ያመላልሳሉ። ችግሩ የሚመጣው ዋጋው ላይ ነው። ትራክተሩ 300 ሺህ ብር ተወዶ ከተገዛና ሰኔ ላይ ቢቆም፣ የጠፋው ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ ክረምቱም አብሮ ይሄዳል። ብድሩ ግን አይቆምም።

እዚህ የምናወራው ከ20 እስከ 50 የፈረስ ጉልበት ስላላቸው ባለ አራት ጎማ ትናንሽ ትራክተሮች ነው። በእጅ እየተያዙ ስለሚነዱት ባለ ሁለት ጎማዎችም በየመሃሉ እናነሳለን። ጥያቄው አንድ ነው፦ የተጠየቀው ዋጋ ተገቢ መሆኑን በምን እናውቃለን?

«ዶላር ጨምሯል» ሲባል

ሻጭ ሁሉ የሚጀምረው ከዶላር ነው። ከፊሉ እውነት ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። አዲስ ትራክተር በዶላር ነው የሚመጣው፤ አዲሱ ሲወደድ አሮጌውም ተከትሎ ይወጣል።

ግን ልብ በሉ፤ ዶላር ስለጨመረ የአሮጌው ሞተር ዕድሜ አልታደሰም። የዶላሩ ጭማሪ መለዋወጫውንም አስወድዷል። ስለዚህ ጥገና የሚፈልግ ትራክተር በዶላር ምክንያት ዋጋው የሚጨምረውን ያህል፣ በዚያው በዶላር ምክንያት የሚቀነስለትም አለ። ሻጩ የመጀመሪያውን ይነግራችኋል፤ ሁለተኛውን ማስታወስ የእናንተ ፋንታ ነው።

ሌላም አለ። የመኪና ነጋዴ «ቀረጥ ተከፍሎበታል» ብሎ ዋጋ ይጨምራል። ትራክተር ላይ ይህ ንግግር እምብዛም አያስኬድም። ከ2011 ዓ.ም ጀምሮ በርካታ የግብርና ማሽነሪዎች ከቀረጥና ታክስ ነጻ እንዲገቡ ተፈቅዷል። ስለዚህ የመጀመሪያ ሥራችሁ ስልክ መደወል ነው። ትራክተር የሚያስመጡ ሁለት ሦስት ድርጅቶች ጋር ደውላችሁ ተመሳሳይ ጉልበት ያለው አዲስ ትራክተር ዛሬ ስንት እንደሆነ ጠይቁ። አሮጌው የአዲሱን ሦስት አራተኛ የሚጠየቅበት ከሆነና አዲሱ ደግሞ ዋስትና ካለው፣ ቆም ብላችሁ አስቡ።

ቆጣሪው የሚለውን ፔዳሉ ይመሰክራል

ትራክተር እንደ መኪና በኪሎ ሜትር አይለካም። የሚለካው ሞተሩ በሠራበት ሰዓት ነው። ዳሽቦርዱ ላይ ያለችው ትንሽ ቆጣሪ 1,800 ካለች «ገና ነው» ይባላል፤ 7,000 ካለች ፊት ይጠቁራል። እርሻም ማጓጓዝም የሚሠራ ትራክተር በዓመት 1,000 ሰዓት ቢሠራ አይገርምም። ስለዚህ 8 ዓመት ሰው ሲያከራየው የኖረ ትራክተር 1,800 ሰዓት ብቻ ካሳየ አንድ ነገር አለ።

ነገሩ ሁሌ ማጭበርበር ላይሆን ይችላል። በብዙ አሮጌ ሞዴሎች ቆጣሪው የሚሠራው ከሞተሩ በሚመጣ ቀጭን ኬብል ነው። ኬብሉ ሲበጠስ ቆጣሪው ይቆማል፤ ትራክተሩ ግን ማረሱን ይቀጥላል። ስለዚህ ቆጣሪውን አንብቡና ዓይናችሁን ወደ ሌላ ቦታ መልሱ። የፍሬንና የፍሪሲዮን ፔዳሉ ጎማ አልቆ ብረቱ ተልጧል? መሪው እጅ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ለስልሷል? ማረሻ የሚታሰርበት ቀዳዳ ክብነቱን አጥቶ እንደ እንቁላል ሞልሟላ ሆኗል? ይህ ሁሉ ካለ 1,800 የሚለውን ቁጥር እርሱት። የትራክተር ጥርስ ካለ፣ እነዚህ ናቸው።

ሞተሩ ሳይሞቅ ድረሱ

ከሻጩ ጋር ስትቀጣጠሩ «እስክንመጣ እንዳታስነሱት» በሉት። ስትደርሱ መጀመሪያ እጃችሁን ሞተሩ ላይ አድርጉ። ሞቆ ከጠበቃችሁ፣ ቀዝቀዝ ሲል የሚያስቸግር ሞተር ሊሆን ይችላል። ቡና ጠጡ፣ ይብረድ፣ ከዚያ ይነሳ። የናፍጣ ሞተር እውነቱን የሚናገረው በቀዝቃዛው ሲነሳ ነው።

ጭሱን እዩት። ሲነሳ ትንሽ ነጭ ጭስ ወጥቶ ወዲያው ከጠራ ችግር የለውም። ሞቆም ነጭ ጭሱ ካልቆመ፣ ናፍጣው በደንብ አልነደደም ወይም ውኃ ወደ ውስጥ እየገባ ነው። ጥቁር ጭስ አየር ማነሱን ወይም ነዳጅ መብዛቱን ያሳያል፤ አንዳንዴ የአየር ማጣሪያ በማጽዳት ይስተካከላል፣ አንዳንዴ ፖምፓና ኢንጀክተር ያስወርዳል። ሰማያዊ ጭስ ከሆነ ሞተሩ ዘይት እየበላ ነው። ፋሻው አልቋል ማለት ሊሆን ይችላል፤ ሞተር ማውረድ ደግሞ ቀላል ወጪ አይደለም።

ቀጥሎ ሞተሩ እየሠራ የዘይት መሙያውን ክዳን ክፈቱ። ትንሽ እንፋሎት ያለ ነው። ጭሱ እንደ ድስት እየተትጎለጎለ በግፊት ከወጣ ግን መታመቅ ያለበት አየር በፒስቶኑ ጎን እያመለጠ ነው። የዘይት መለኪያውን ዘንግ አውጡ፤ ዘይቱ ማኪያቶ ከመሰለ ውኃ ገብቶበታል። ሞተሩ ሲበርድ ደግሞ የራዲያተሩን ክዳን ከፍታችሁ ውኃው ላይ ዘይት መንሳፈፍ አለመንሳፈፉን እዩ። እነዚህ ሁለቱ ካሉ የቴስታታ ጉዳይ ነው። ሞተሩ በጋለበት ሰዓት ራዲያተር መክፈት ፊት ያቃጥላል፣ ተጠንቀቁ።

ሩቅ ቦታ ከሆነ መንገድ ከመውጣታችሁ በፊት ስልካችሁን ተጠቀሙበት። ሻጩ ጠዋት በቀዝቃዛው ሲያስነሳው ሳይቆራረጥ ቪዲዮ እንዲልክላችሁ ጠይቁ። የቆጣሪውን፣ የሞተር ቁጥሩንና የሻንሲ ቁጥሩን ፎቶም ጨምራችሁ ጠይቁ። «ኔትወርክ የለም» እያለ ሦስት ቀን ያለፈ ሻጭ መልሱን ሰጥቷችኋል። ደግሞ ትራክተሩን ሳታዩ «ሌላ ገዢ መጥቷል፣ ቀብድ በቴሌብር ላክ» ከተባላችሁ አትላኩ። ሌላው ገዢ ይውሰደው።

ከሞተር ጀርባ ያለው ኪስ ያራቁታል

ብዙ ገዢ ሞተር ሰምቶ ይስማማል። ትራክተር ግን ከሞተሩ ጀርባ ያለው ክፍል ነው ሥራውን የሚሠራው።

መጀመሪያ ሃይድሮሊኩን ፈትኑ። ማረሻ ወይም ሌላ ከባድ ዕቃ ከኋላ ካሉት ሦስት ማያያዣዎች ጋር አስሩና አንሱት። ሳይንቀጠቀጥ ከወጣ ጥሩ። አሁን ሞተሩን አጥፉና ማረሻው እንደተሰቀለ ሰዓት ያዙ። ቀስ እያለ ትንሽ ትንሽ ቢወርድ በአሮጌ ትራክተር የተለመደ ነው። በአንድ ሁለት ደቂቃ ውስጥ መሬት ከደረሰ ግን ጎሚኒው ወይም ሲሊንደሩ አልቋል፤ ዋጋ ቀንሱበት።

ከዚያ ፒቲኦውን፣ ማለትም በቆሎ መፈልፈያ ወይም የውኃ ፓምፕ የሚያሽከረክረውን የኋላ ዘንግ፣ አስገቡና አውጡ። በአብዛኞቹ ትራክተሮች በደቂቃ 540 ዙር እንዲዞር ነው የተሠራው። እየተንቀጫቀጨ ከገባ ወይም አልወጣም ካለ መፈልፈያ አከራይቼ እከፍላለሁ ያላችሁት ሒሳብ ተበላሸ።

ትራክተሩን ንዱት። ፍሪሲዮኑ ሲለቀቅ ወዲያው ይይዛል ወይስ ሞተሩ እየጮኸ ትራክተሩ ይዘገያል? ዳገት ላይ ማርሹ ራሱ ይወጣል? ግራና ቀኝ ፍሬኖቹ ለየብቻ ይይዛሉ? ማሳ ጫፍ ላይ ለመጠምዘዝ የሚያስፈልጉት እነሱ ናቸው። የፊት ጎማውን ይዛችሁ ነቅንቁት፤ ከተንገዳገደ ኩሽኔታው ወይም ፒኑ በልቷል።

አንድ ቦታ በተለይ ጎንበስ ብላችሁ እዩ። ብዙ ትራክተሮች እንደ መኪና ከሥር የሚሸከማቸው ሻንሲ የላቸውም። ሞተሩና ካምቢዮው ተያይዘው ራሳቸው አካል ናቸው። በሁለቱ መጋጠሚያ ላይ ስንጥቅ፣ የብየዳ ጠባሳ ወይም እዚያ ቦታ ላይ ብቻ አዲስ ቀለም ካያችሁ፣ ይህ ትራክተር ከጉልበቱ በላይ ሠርቷል ወይም ተገልብጧል። ይህ ዋጋ የሚያስቀንስ አይደለም፤ ትቶ የሚያስኬድ ነው።

የኋላ ጎማ ደግሞ ብቻውን ትልቅ ገንዘብ ነው። ጥርሱ ብዙ ቢቀርም ጎኑ በፀሐይ ተሰነጣጥቆ ከሆነ ዕድሜው አልቋል። የጎማውን ቁጥር ፎቶ አንሱና ዋጋውን አጠያይቁ።

ባለ ሁለት ጎማው የእጅ ትራክተር ላይ ነገሩ ያጥራል። አብዛኛው አንድ ሲሊንደር ያለው የናፍጣ ሞተር ነው። ቀበቶዎቹን፣ አፈር የሚፈጩትን ቢላዎች፣ የእጀታውን ፍሪሲዮን እና የማርሽ ሳጥኑን የዘይት ፍሳሽ እዩ። መሬታችሁ ግን ሲደርቅ የሚሰነጣጠቅ ከባድ ጥቁር አፈር ከሆነ፣ የእጅ ትራክተር በነጻ ቢሰጣችሁም ይደክማል። ትንንሾቹ ባለ አራት ጎማዎችም እዚያ ይፈተናሉ።

ሥሙ ትልቅ፣ መለዋወጫው የት?

አገራችን ውስጥ የማሴ ፈርጉሰንን ፖምፓ የማያውቅ የትራክተር መካኒክ ማግኘት ይከብዳል። በደርግ ዘመን የመንግሥት እርሻዎች ላይ የሠሩት ቤላሩሶችም የሚያውቃቸው ሰው አላቸው። ሌላው ግን እንደየአካባቢው ነው። አርሲና ባሌ ላይ በቀላሉ የሚጠገን ሞዴል፣ ጎጃም ላይ አንድ ኩሽኔታ ፍለጋ አዲስ አበባ ድረስ ሊያስልክ ይችላል።

ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ሞዴሉን በትክክል ጽፋችሁ ሶማሌ ተራ ላሉ መለዋወጫ ሻጮች ደውሉ። አምስት ነገር ብቻ ጠይቁ፦ የፍሪሲዮን ሸራ፣ የዘይትና የናፍጣ ማጣሪያ፣ ፋሻ፣ የሃይድሮሊክ ፓምፕ፣ ሞተሪኖ። አራቱ «አለ» ከተባለ መልካም። «በትእዛዝ ነው የሚመጣው» ከተባለ ግን ርካሽ መሆኑ ለምን እንደሆነ ገብቷችኋል። በእርሻ ወቅት አንድ ዕቃ ለመጠበቅ የሚባክኑት 15 ቀናት ከዕቃው ዋጋ በላይ ናቸው።

ወረቀቱ ከሞተሩ እኩል ነው

ሞተሩ ንጹህ፣ ወረቀቱ ቆሻሻ የሆነ ትራክተር አለ። ሊብሬው ላይ ያለው የሞተርና የሻንሲ ቁጥር ብረቱ ላይ ካለው ጋር ፊደል በፊደል መግጠም አለበት። የሻጩ ስምና መታወቂያም እንዲሁ። «የወንድሜ ነው» ከተባለ ውክልናው ይታይ።

ከዚያ ሦስት ጥያቄ አለ። አንደኛ፣ ትራክተሩ በካፒታል ዕቃ ሊዝ የተወሰደ ነው? ከሆነ ክፍያው ተጠናቅቆ ንብረትነቱ እስኪተላለፍ ድረስ ባለቤቱ ሊዝ ሰጪው ድርጅት ነው፤ በእጁ የያዘው ሰው ሊሸጥላችሁ አይችልም። ሁለተኛ፣ ለብድር ተይዟል? በአዋጅ ቁጥር 1147/2011 መሠረት ተንቀሳቃሽ ንብረት በዋስትና ሲያዝ ብሔራዊ ባንክ ሥር ባለ መዝገብ ይመዘገባል፤ እዚያ ማጣራት ይቻላል። ሦስተኛ፣ ከቀረጥ ነጻ የገባው በማን መብት ነው? መብት ለተሰጠው ባለሀብት ብቻ የገባ ማሽን ለሌላ ሲተላለፍ ጉምሩክ ሊጠይቅ ይችላል። ዲክላራሲዮኑን ለማየት ጠይቁ።

ውሉ ላይ «ባለበት ሁኔታ ተረክቤያለሁ» የሚል ዓረፍተ ነገር ሊጨመር ይችላል። ከፈረማችሁ በኋላ ስለ ጉድለቱ መከራከር ይከብዳችኋል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ሻጭ ሆን ብሎ ለደበቀው ጉድለት መከታ ባይሰጠውም፣ መደበቁን ማስረዳት የእናንተ ሸክም ነው። የተነገራችሁን ነገር፣ ለምሳሌ «ሞተሩ አምና ተሠርቷል»፣ ውሉ ላይ አስጽፉት። እውነት ከሆነ ሻጩ ምን ይቸግረዋል?

አሁን ሒሳቡ፦ ጣሪያውን እናግኝ

እስካሁን ያየነው ትራክተሩን ነው። ተገቢ ዋጋ ግን ትራክተሩ ላይ ብቻ የለም፤ ግማሹ ያለው እናንተ ሥራ ላይ ነው። ስልካችሁ ላይ ያለውን ካልኩሌተር አውጡ። የብር ቁጥሮቹ ለምሳሌ ብቻ የተቀመጡ ናቸው፤ በአካባቢያችሁ ዋጋ ተኩት።

አንድ 45 የፈረስ ጉልበት ያለው ትራክተር 1,500,000 ብር ተጠየቀበት እንበል። ማረሻው በአንድ ጊዜ 80 ሴንቲ ሜትር ያርሳል፤ በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ስፋቱን በፍጥነቱ አባዝተን ለ10 ስናካፍል በሰዓት 0.4 ሄክታር ይሆናል። ግን መጠምዘዝ አለ፣ ድንጋይ አለ፣ ከማሳ ማሳ መሄድ አለ። ከመቶ 65 ብንወስድ 0.26 ሄክታር፤ በ8 ሰዓት ቀን 2 ሄክታር ገደማ። በዓመት 60 ቀን ካረሰ 120 ሄክታር ማለት ነው።

በሄክታር 6,000 ብር አስከፍላችሁ ለናፍጣ፣ ለዘይትና ለኦፕሬተር 3,500 ብር ብታወጡ 2,500 ይተርፋል። በ120 ሄክታር 300,000 ብር። ለዓመታዊ ጥገና 80,000 ቀንሱ፤ 220,000 ይቀራል። በ4 ዓመት 880,000 ብር። ከ4 ዓመት በኋላ ትራክተሩን 500,000 ብር ብትሸጡት ድምሩ 1,380,000 ይሆናል። አሁን መካኒኩ «ሁለት የኋላ ጎማ፣ ፍሪሲዮን እና ፖምፓ ያስፈልገዋል» ብሎ 260,000 ብር ገምቷል። ይህን ስትቀንሱ 1,120,000 ብር ይመጣል።

ይህ ጣሪያችሁ ነው። የብድር ወለድ ካለ ከዚህም ይወርዳል። ከዚህ በላይ ከከፈላችሁ አራት ዓመት የሠራችሁት ለሻጩ ነው። ለእናንተ ትርፍ እንዲቀር ከፈለጋችሁ ደግሞ የመጀመሪያ ዋጋችሁ ከጣሪያው ብዙ ዝቅ ማለት አለበት።

አሁን አንዲት ቁጥር ብቻ እንቀይር። ከ60 ቀን ይልቅ 40 ቀን ብቻ ሥራ ቢገኝ፣ 80 ሄክታር ነው የሚታረሰው። ጥገናው ተቀንሶ በዓመት የሚተርፈው 120,000 ይሆናል፤ ጣሪያውም ወደ 720,000 ብር ይወርዳል። ትራክተሩ ያው ነው፣ አንድም ብሎን አልተፈታም፤ ግን ለእናንተ የሚያወጣው ዋጋ በ400,000 ብር ወረደ።

ለዚህ ነው ትራክተር ከመፈለጋችሁ በፊት ማሳ ፈልጉ የምንለው። የኢትዮጵያ ገበሬ አማካይ ይዞታ ከአንድ ሄክታር ብዙም አይዘልም፤ እሱም ሦስት አራት ቦታ የተበጣጠሰ ሊሆን ይችላል። ከቁራሽ ማሳ ወደ ቁራሽ ማሳ የሚዞር ትራክተር ናፍጣ የሚጨርሰው መንገድ ላይ ነው። ገበሬዎቹ ኩታ ገጠም አድርገው አንድ ሰብል የሚዘሩበት ቀበሌ ውስጥ ግን ያው ትራክተር ሳይነሳ ይውላል። ከ40 ገበሬ ጋር ቀድማችሁ ተነጋግራችሁ ስማቸውንና የማሳቸውን ስፋት መዝግባችሁ ከሆነ፣ ከሌላው ገዢ በላይ ብትከፍሉም ላትከስሩ ትችላላችሁ። ማንንም ካላነጋገራችሁ ርካሹም ውድ ነው።

ድርድር ላይ

ጊዜ ምረጡ። ግንቦትና ሰኔ ላይ ሁሉም ትራክተር ይፈልጋል፤ ሻጭ አይለምንም። ክረምቱ ካለፈ በኋላ፣ ትራክተሩ ቆሞ ባለቤቱ ገንዘብ ሲፈልግ ግን ወሬው ይለያል። ደግሞም ለመጠገን ጊዜ ይኖራችኋል።

የራሳችሁን መካኒክ ይዛችሁ ሂዱ፤ ሻጩ ወይም ደላላው የጠራውን አይደለም። የድካሙን የምትከፍሉት እናንተ ሁኑ፤ ገዛችሁም አልገዛችሁም የሚከፈለው እኩል ይሁን። ሽያጩ ሲሳካ ኮሚሽን የሚያገኝ ሰው «ተዉት» አይላችሁም።

ጉድለት ስታገኙ አትጩኹ፣ አትሳለቁ። በዝርዝር ጻፉት፣ አጠገቡ የጥገናውን ዋጋ አስቀምጡ፣ ለሻጩ አሳዩት። «ዋጋው በዛ» ከማለት «ጎማው ይህን ያህል፣ ፍሪሲዮኑ ይህን ያህል ነው» ማለት ያሳምናል። ማረሻውን፣ ተሳቢውን፣ መከስከሻውን በአንድ ላይ ጠይቁ፤ አንዳንድ ሻጭ ብር ከመቀነስ ዕቃ መጨመር ይቀለዋል።

«በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ» የተባለው ለሚቸኩል ገዢም ይሠራል። አምስት ጓደኛሞች ሆናችሁ ከሄዳችሁ፣ ከቤት ሳትወጡ ጣሪያውን በጋራ ወስኑና በየስልካችሁ ጻፉት። ሻጩ ከዚያ ቁጥር አንድ ሺህ ብር እንኳ በላይ ካለ ስልክ ቁጥሩን ይዛችሁ፣ አመስግናችሁ ወደ ቤት ተመለሱ። ትራክተሩ ካልተሸጠ ጥቅምት ላይ ራሱ ይደውላል። ከተሸጠም፣ በዚያ ዋጋ የከሰራችሁት እናንተ አይደላችሁም።